የማይቀልጠው ቅቤ

ጋምቤላ ላይ ቅቤ አይቆይም። ከደጋ የወረደ ሰው መጀመሪያ የሚያዝነው በዚህ ነው። አንድ ጊዜ አገር ቤት ደርሰን ስንመለስ ባለቤቴ ለጋ ቅቤ በቅል ታቅፋ ነበር። መኪናው ቁልቁለቱን ጨርሶ ሜዳው ላይ ሲደርስ ቅቤው ዘይት ሆኖ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። እሷ ለቀሚሷ ደንታም አልነበራት፤ ከተማ እስክንገባ ባዶውን ቅል ታገላብጥ ነበር።

እንግዲህ ጋምቤላ ክልል በተባለች ሰሞን የአትክልት ቅቤ የሚሉት ነጭ ስብ በትልልቅ ጣሳ ገበያ ሲገባ ብንደሰት አይፈረድብንም። እናቶቻችን ቅቤ የሚገዙት በጣት ጫን አድርገው ነው። ጠንከር ካለ ጥሩ ነው፤ ከላላ ተበርዟል። ባለቤቴም ነጋዴውን ክዳኑን አስከፍታ በጣቷ ጫን አደረገችው። ውሻው ጥላ ሥር ምላሱን አንጠልጥሎ በሚያለከልክበት በዚያ ቀትር፣ ጣቷ አልሰመጠም።

«ቅቤ ማለት ይሄ ነው!» አለችኝ። «ቆላ መውረዱን እንኳ አላወቀም።»

ባለቤቴ ባሮ ወንዝ ዳር፣ ከድልድዩ አጠገብ ቦምቦሊኖ ትጠብስ ነበር። እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥበቃ ነበርኩ፤ ተረኛ ባልሆንኩ ቀን እንጨት እፈልጥላታለሁ። በፊት በፈሳሽ ዘይት ስትጠብስ ቦምቦሊኖው ከሰዓት በኋላ ያልበዋል፣ የተጠቀለለበትን ወረቀት ያርሰዋል። በጣሳው ስብ የተጠበሰው ግን እስኪመሽ ደረቅ እንዳለ ነው፤ ሲነክሱት ይፈረፈራል። የቢሮ ሠራተኛው፣ አስተማሪው፣ በጀልባ የሚሻገረው ሁሉ እሷ ዘንድ ሆነ።

አንድ ልማድ ነበራት። አዲስ ጥብስ ከድስቱ በወጣ ቁጥር የመጀመሪያውን ለሁለት ገምሳ፣ ሰው እያያት ትበላለች። ባለቤት ያልቀመሰውን እንግዳ አይነካም ተብላ ነው ያደገችው። ደንበኞቿም ለምደውት፣

«እትዬ፣ ቅመሽልና!» ይሏታል።

«ካልሞትኩ ብሉ» ትላለች። ይስቃሉ።

ከጎኗ አንዲት የአገሩ ተወላጅ የተቀቀለ ኦቾሎኒ ትሸጥ ነበር። አማርኛዋ አጭር ነው፤ ግን ዒላማውን አይስትም። አንድ ቀን ድስቱን ትክ ብላ አየችና፣

«የእኔ ከመሬት ወጣ። ያንቺ ከየት ወጣ?» አለቻት።

«ከጣሳ!»

«ጣሳ ማን ዘራ?»

ሦስታችንም እስኪያስለን ሳቅን።

እየቆየ ባለቤቴን ደረቷን ይይዛት ጀመር። ከወንዝ ውኃ ቀድታ ስትመለስ መንገድ ላይ ትቀመጣለች። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ጤና ረዳቱ ደረቷን አዳምጦ ምን እንደምትበላ ጠየቃት፤ ነገረችው።

«እትዬ፣ ልብዎ ደክሟል» አላት። «የጣሳውን ስብ ይተዉ። ይሄ ሁሉ ሙቀት ያላቀለጠውን እርስዎ በምን ያቀልጡታል? ኦቾሎኒ ይብሉ፣ ማንጎ ይብሉ፣ ዓሣውንም ቀቅለው ይብሉ።»

ወደ ዘይቱ ተመለሰች። ደንበኛው «ምነው እትዬ፣ እጃችንን ቅባት በቅባት አደረግሽው» እያለ ወደ ሌሎቹ ጠባሾች ሄደ። ኦቾሎኒ እንዳትሸጥ የጎረቤቷን ጉሮሮ መዝጋት ሆነባት። ጣሳው ተመልሶ ቤታችን ገባ።

«እሺ ጥበሽ፤ ብቻ አትቅመሽ» አልኳት።

«ሳልቀምስ ለሰው ላበላ?» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ለልጅ እንደሚያስረዱ ነው የነገረችኝ።

«እኔ ልቅመስልሽ።»

«የጠበስኩት እኔ፣ የምትቀምሰው አንተ! ታዲያ ማን ያምነኛል?»

ምን ላድርግ? ድስቱን እንዳልደፋ እንጀራችን ነው። እንጨቴን ፈለጥኩ። እሷ ስትገምስ እኔ ወንዙን አያለሁ። ጎረቤቷ ጠዋት ጠዋት እፍኝ ኦቾሎኒ ጭኗ ላይ ታደርግላታለች። ባለቤቴ አመስግና ትበላለች፤ ከዚያ ደግሞ ቦምቦሊኖዋን ትገምሳለች።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አረፈች።

ስቡ ገደላት አልልም፤ እሱን እግዜር ያውቃል። አሁን አሁን በሬዲዮ «ትራንስ ፋት» ሲሉ እሰማለሁ። ፈሳሹ ዘይት ፋብሪካ ገብቶ እንዲረጋ ሲደረግ የሚመጣ ነው፣ ልብ ይጎዳል ይላሉ። ያኔ ስሙን ባውቀውስ ምን አመጣ ነበር? ሬዲዮኑን ዝቅ አደርገዋለሁ።

ለቅሶው ላይ ጎረቤቱ ሁሉ እዝን ይዞ መጣ። የድልድዩ ጠባሾች ለክብሯ ብለው፣ ሙያዋ ነው ብለው፣ ሰሃን ሙሉ ቦምቦሊኖ አመጡ። የእዝን ምግብ አይመለስም። የባለቤቴ ታላቅ እህት አንዱን አንስታ ለሁለት ገመሰችው። ግማሹን ራሷ በላችና ሌላውን ወደ አፌ አስጠጋች።

«አፈር ስሆን! እሷ ብትኖር እንዲህ ነበር የምታደርገው።»

ኦቾሎኒ ሻጯ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ታየኛለች። አፌን ከፈትኩ። ጥርሴ ላይ ተፈረፈረ፤ ከጠዋት የተጠበሰ ነው፣ አሁንም ደረቅ ነበር።