ከአደባባዩ ሥር

ጋሽ ክላክስ አሮጌውን ሰፈር የሚያውቁት ከደጁ ነበር። የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ጥሩምባ መንፋት ስለሚወዱ ይህን ስም ያወጡላቸው ተሳፋሪዎቻቸው ናቸው። አውቶቡሳቸውን ከሰፈሩ በር ፊት ያለው አደባባይ ላይ ያዞሩና «መጨረሻ! ከዚህ ወዲያ የእግር ነው!» ይላሉ። ሰዉ ወርዶ በጠባቡ በር ይገባል፣ እሳቸው ወደመጡበት ይመለሳሉ። ተከትለው ገብተው አያውቁም።

ጡረታ ሲወጡ ባለቤታቸው ተማረሩ። «አንተ ሰውዬ፣ በር ስዘጋ ‹ቀስ!›፣ ቡታጋዝ ስለኩስ ‹ቀስ!›። ተሳፋሪህ ነኝ እንዴ? ውጣና እግርህን አፍታታ!»

እግራቸው የለመደው ቦታ ወሰዳቸው፤ ዛሬ ግን በሩን አልፈው ገቡ። መንገዱ እየጠበበ ሄዶ ግድግዳው ሁለቱንም ትከሻቸውን ነካው። ፎቆቹ ሐሜት እንደያዙ ጎረቤታሞች ግንባር ለግንባር ሊነካኩ ደርሰዋል፤ ሰማዩ በመሃላቸው ክር አክሏል። የድንጋዩ ደረጃ በሰው እግር ብዛት እንደ ሳህን ጎድጉዷል። ከመታጠፊያው ማዶ ኮቴ ሲሰሙ ልማድ ሆኖባቸው በአፋቸው «ጲጵ!» አሉ።

ብቅ ያለችው ከልጅነቷ ጀምሮ በእሳቸው አውቶቡስ የተመላለሰች ልብስ ሰፊ ነበረች። «ውይ ጋሽ ክላክስ! ለካ እርስዎም እግር አለዎት?» ብላ ሳቀች። «በሉ ይምጡ፣ የማሳይዎት ነገር አለ።»

ከሰፈሩ በር አጠገብ ካለው ቤቷ ጓሮ ትንሽ የእንጨት በር ከፍታ ባትሪ አበራች። ጋሽ ክላክስ ግድግዳውን እየዳበሱ ደረጃውን ወረዱና ባሉበት ቀሩ። ከፊታቸው ውሃ የሞላው አዳራሽ ነው። ከውሃው የወጡት ዓምዶች ረድፍ በረድፍ ጨለማው ውስጥ ይገባሉ፤ መጨረሻቸው አይታይም።

«ይሄን... ማን ሠራው?» አሉ በሹክሹክታ።

«የጥንት ሰዎች ናቸዋ፤ ዝናብ ያጠራቅሙበት ነበር። አናታችን ላይ ያለው የእርስዎ አደባባይ ነው።»

«የቱ?»

«አውቶቡስ የሚያዞሩበት ነዋ!»

ወዲያው ከላይ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ መጣ። የውሃው ፊት ተርገበገበ፤ ክብ ክብ ሞገድ ዓምዶቹን እየነካ ሄደ።

«አዲሱ ሹፌር ነው» አለች። «የእርስዎም እንዲህ ነበር። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ሲንቀጠቀጥ ካየች ‹ሩጪ፣ መጣልሽ!› ትለኝ ነበር።»

ጋሽ ክላክስ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ያን ሁሉ ዘመን መሬት ላይ የነዱ መስሏቸው፣ ለካ እነዚህ ዓምዶች ከነአውቶቡሳቸው፣ ከነተሳፋሪያቸው ተሸክመዋቸው ኖረዋል! እጃቸውን ዘርግተው ቅርቡ ዓምድ ላይ መዳፋቸውን አሳረፉ። ቀዝቃዛ ነው፤ ንቅንቅ አይልም።

ቤት ሲገቡ ባለቤታቸው ደነገጡ። «ምነው ዝም አልክ? አመመህ?»

«ነገ አብረን እንሄዳለን። የማሳይሽ ነገር አለ፤ ለአፍ አይመችም፣ የዓይን ነው።»

በማግስቱ ባለቤታቸው የጋሽ ክላክስን ትከሻ ይዘው፣ እያጉረመረሙ ደረጃውን ወረዱ። ባትሪው ሲበራ «ወይ ጉድ!» ብለው እርጥቡ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። እንነሳ ቢባሉም ዓይናቸውን ከዓምዶቹ ሳይነቅሉ እሺ አላሉም።