ለአማቴ ብዬ የዘረጋሁት ክንድ

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ብዙ ነገር ቶሎ እረሳለሁ፤ የዚያች የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ፊት ግን ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም።

የምንኖረው ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ቀወት ገጠር ነው። ባለቤቴ ሽንኩርት ያለማል፤ አማቴ እማ ዘይነባም ከእኛው ጋር ናቸው። በዚያ ሰሞን ተመርምረው ደምዎ ውስጥ ቅባት በዝቷል ተባሉ፤ የደም ግፊታቸውንም በየጊዜው እንዲለኩ ታዘዙ። እኔ የተማርኩ ነኝ ባይዋ ጠባቂያቸው ሆንኩ። ቅቤ ከለከልኳቸው። ጮማውን ከፊታቸው እያነሳሁ ራሴ እበላዋለሁ። እርጉዝ ስለነበርኩ "የምበላው ለሁለት ነው" እላቸዋለሁ።

ስምንተኛው ወር ሲገባ እግሬ አብጦ የባለቤቴን ነጠላ ጫማ ማድረግ ጀመርኩ። ራሴንም ያመኛል። እኛ ቆላ ውስጥ ሁሉም ነገር በሙቀት ይሳበባል፤ እኔም ሙቀቱ ነው ብዬ ተውኩት። ፊቴ ሲሞላ ጎረቤቶቼ እርግዝናው ተስማማት አሉ፣ ደስ አለኝ። የእርግዝና ክትትል ቀጠሮዬን ሁለቴ አሳልፌያለሁ። ምን ሆኜ ነው የምሄደው?

በገበያ ቀን እማ ዘይነባን በባጃጅ ይዤ ሸዋ ሮቢት ገባሁ። መድኃኒት ቤቱ ስንደርስ አልለካም አሉ። መሣሪያው ክንዳቸውን ጨምቆ ሲይዛቸው ነፍሳቸው የምትወጣ ይመስላቸዋል። ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸው፤ ወይ ፍንክች። ሰው ሁሉ ያየናል። በመጨረሻ እንደ ሕፃን ላባብላቸው ብዬ የራሴን ክንድ ዘረጋሁ።

"ይኸው እኔ ልለካ፤ ምንም እንደማያም ይዩ" አልኳቸው እየሳቅኩ።

ባለሙያዋ ለካችኝ። ደግማ ለካችኝ። ከዚያ ግራ ክንዴን ጠየቀችኝ። እስከዚያ ድረስ ከአማቴ ጋር ስትቀልድ የነበረችው ሴት ፊቷ ልውጥ አለ።

"ራስሽን ያምሻል?" አለችኝ።

"ትንሽ።"

"ዓይንሽ ላይስ ብልጭ ብልጭ ይልሻል?"

ከትናንት ጀምሮ ይለኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። እንዴት አወቀች ብዬ ክው አልኩ። ግፊቴ እጅግ ከፍ ብሎ መቶ ሰባ በመቶ አስራ አምስት ደርሶ ነበር። ሥራዋን ለባልደረባዋ ትታ፣ እጄን ይዛ ሆስፒታል አደረሰችኝ። ስሟን እንኳን አልጠየቅኋትም።

ሽንቴን መረመሩ፤ በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት ነው አሉ፤ እንዳያንቀጠቅጠኝ መርፌ ወጉኝ፤ ወዲያው በአምቡላንስ ወደ ደብረ ብርሃን ላኩኝ። የጣርማ በርን ዳገት ስንወጣ እማ ዘይነባ አጠገቤ ሆነው ዱዓ ያደርጋሉ። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄ ትንቀሳቀሳለች ወይስ አትንቀሳቀስም? በማግስቱ በቀዶ ጥገና ተወለደች። በጣም ትንሽ ነበረች፣ ግን አለቀሰች።

ሐኪሙን ይህን ያመጣብኝ ጮማው ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። የደም ቅባት በማንኛዋም እርጉዝ ላይ እንደሚጨምር፣ ግፊት በያዛቸው ላይ ደግሞ በርከት ብሎ እንደሚታይ፣ የትኛው የትኛውን እንደሚያስከትል ግን ገና ተጣርቶ እንዳልታወቀ ነገረኝ።

"ጮማውን ተይው፤ እስከዛሬ ሳትለኪ ለምን ቆየሽ?" አለኝ።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እንደኔ ላለችው ነው።

ልጄ ዛሬ ቤቱን ታተራምሰዋለች። ሰው ሁሉ አላህ ነው ያተረፈሽ ይለኛል፤ እውነት ነው። እኔን እስካሁን የሚያስደነግጠኝ ግን ሌላ ነው። እማ ዘይነባ ያን ቀን እሺ ብለው ክንዳቸውን ቢሰጡ ኖሮ፣ እሳቸውን ብቻ አስለክቼ፣ ሳሙናና ስኳር ገዝቼ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር።