አጎቴ የሚወርዱባት መታጠፊያ

ከሴቻ ወደ ሲቀላ በወረድን ቁጥር አጎቴ አረቄ ቤቱ ጋ ሳንደርስ መታጠፊያዋ ላይ ከባጃጁ ወርደው በጓሮ መንገድ ይዞሩ ነበር። መጠጥ ከተዉ ስድስት ዓመት አልፏቸው እንኳ! ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትን ነገርኳቸው፤ መጠጥ የአንጎልን ጂኖች አሠራር ይለውጣል፣ አንጎልም ሽታውንና ቦታውን ተምሮ ይይዛል። «ይሄን ለማወቅ መማር ነበረብሽ?» ብለው ሳቁብኝ።

በምረቃዬ ቀን የገዛ ወንድሞቻቸው «ለልጅቷ ደስታ አንዲት መለኪያ ምን ታደርጋለች?» ብለው አስጨበጧቸው። አጎቴ ወደ እኔ አዩ። የማውቀው እኔ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲያ መተው አቃታቸው።

የአጎቴ ለቅሶ ላይ እነዚያው ወንድሞች «መጠጥ በላው» እያሉ ደረት መቱ። መጠጡማ ጠላትነቱን ደብቆ አያውቅም፤ የከዳናቸው እኛ ነን።

ትናንት የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ እንደ ልማዱ መታጠፊያዋ ላይ ቆመ።

«ንዳው፤ የሚወርድ የለም» አልኩት።