ባዶ መሆን የነበረበት መረብ

ዛሬ ወንጪ ሐይቅ ዳር ቆሜ ሳለሁ የጉልበት ዘመኔ ሥራ በአንድ ንግግር ፈረሰ።

"ጭቃው ላይ ያለው መረብ ባዶ ሲሆን ታሳዝነኝ ነበር። ከቄጠማው መረብ ዓሣ እየፈታሁ እዚያ እሰካልህ ነበር" አሉኝ ኦቦ ቶሎሳ።

ኦቦ ቶሎሳ በደርግ ጊዜ ለዓሣ ጥናት ስመጣ ጀልባ ይቀዝፉልኝ የነበሩ ሰው ናቸው። በሐይቁ ዳር ቄጠማው፣ ድንጋዩና ጭቃው ውስጥ ማታ መረብ እንጥል ነበር፤ ጠዋት በየትኛው ቦታ ምን ዓሣ እንዳለ እመዘግባለሁ። ባዶ መረብም ውጤት መሆኑን ግን ነግሬያቸው አላውቅም።

"መቼ ነበር የሚሰኩት?" አልኳቸው።

"ብርዱን ፈርተህ ስትተኛ ነዋ!"

የገበሬ ማኅበር ዘመን ነበር። መሬቱም ስኳሩም በእኩል ይከፋፈል ነበር፤ እሳቸውም ዓሣውን አከፋፈሉት።

እኔ ደግሞ "ዓሣው በሁሉም ቦታ እኩል ይገኛል" ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ተጨበጨበልኝ። በዚያ ሪፖርት መሠረት በጭቃው በኩል ለሚኖሩ ገበሬዎች መረብ ታደለ። ምንም ሳይዙ ሲቀሩ ሰነፎች ተባሉ።

ከእነሱ አንዱ ኦቦ ቶሎሳ ነበሩ።

"ባዶ መሆኑን እያወቁ ለምን መረቡን ተቀበሉ?"

"አንተ የተማርክ ሰው ነህ። አለ ብለህ ከጻፍክ ይመጣል ብዬ ሁለት ክረምት ጠበቅኩት።"

ይህን የምጽፈው አምቦ ገብቼ ነው። ደክሞኛል።

ደግ ሰው ሥራ ያበላሸባችሁ ካላችሁ እስኪ ጻፉልኝ። እናንተን አምኖ ባዶ ውሃ የጠበቀ ሰው ያላችሁ ደግሞ፣ ምን ብላችሁ ይቅርታ እንደጠየቃችሁት ንገሩኝ።