ገጼን አትንኪብኝ

የእንስሳት ሐኪሙ ሲደውልልኝ ድምፁ ውስጥ ንዴትም እፍረትም ነበረበት። ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ላይ ትንንሽ ቢሮዎች አሉት። የገበሬውን ላም ያክማል፣ ያዳቅላል፣ የምትወልድበትንም ቀን አስልቶ ይነግራል። መረጃው ሁሉ የሚቀመጠው ቡራዩ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ሌሎቹ ቢሮዎች በኢንተርኔት ያዩታል። እኔ የዳታቤዝ ባለሙያ ነኝ፤ ቤቴም ቡራዩ ስለሆነ ሰዎች ጠቁመውት ነው ያገኘኝ።

«ሰበታ አንዲት እናት አስቀይመናል። ነይና እዪልን» አለኝ።

ሄጄ አየሁ። ለየገበሬው ሁለተኛ ስልክ እንዲመዘገብ ሐኪሙ አዝዞ ኖሯል። የመጀመሪያውን ፕሮግራም የሠራው ልጅ ሌላ ሥራ ይዞ ስለሄደ፣ አንድ የሚያውቁት ሰው ፋይሉ መሀል አዲስ ዓምድ ሰነቀረ። የሰበታው ፕሮግራም ግን ፋይሉን ራሱን ከፍቶ፣ ዓምዶቹን ከዳር ቆጥሮ ነበር የሚያነበው። ዓምዱ ሲጨመር ከሱ ወዲያ ያለው ሁሉ አንድ ቦታ ወደ ጎን ተገፋ። ላሟ የተዳቀለችበትን ቀን ያነበበ መስሎት የታከመችበትን ቀን አነበበ። ሴትየዋም «ገና ወር ይቀራታል» ተብላ ዘመድ ልትድር ሆለታ ሄደች። ላሟ መስክ ላይ ብቻዋን ወለደች። ደግነቱ ጎረቤት ደርሶ ጥጃዋን በጆንያ አሽቶ አተረፋት።

ያን ዓምድ ከመሀል አውጥቶ መጨረሻ ላይ ማድረግ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሐኪሙም የፈለገው እሱን ብቻ ነበር። እኔ ግን ነገ ሌላ ነገር ሲቀየር ሌላ ሰው እንደሚጎዳ ታየኝ። ፈቃዱን ጠይቄ በየቢሮው እየተቀመጥኩ፣ ሰዎቹ በእርግጥ ምን እንደሚጠይቁ ማየት ጀመርኩ።

ሱሉልታ ላይ ጠረጴዛውን የያዙት ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ገበሬው ሲገባ «አካም ቡልተን» ብለው በኦሮምኛ ይቀበሉታል፣ በአማርኛ ይቀጥላሉ፣ ለእኔም መሀል ላይ አንድ ሁለት ቃል ይወረውሩልኛል። አዲስ ነገር ልሠራ እንደመጣሁ ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ስሚኝ» አሉኝ ኮምፒውተራቸው ላይ ወደሚታየው ገጽ እየጠቆሙ። «ባለፈው ‹አሻሻልንልዎ› ብለው መጡ፤ ሰው ተሰልፎ ቆሞ እኔ ቁልፉን ስፈልግ ዋልኩ። ከዚያ በፊትም እንዲሁ። ሌላውን እንደፈለግሽ አድርጊ፤ ይቺን ገጼን ግን አትንኪብኝ።»

«አልነካትም፣ እትዬ» አልኳቸው።

ሳቁ። አላመኑኝም።

ሐኪሙን ማሳመን ደግሞ ሌላ ሥራ ነበር። ሥራውን በሦስት ደረጃ ልከፍለው እንደምፈልግ ነገርኩት። ከታች ያለው መረጃው በኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ ብቻ ያውቃል። መሀለኛው የትኛዋ ላም የየትኛው ገበሬ እንደሆነች፣ የትኛው ሕክምና ለየትኛዋ እንደተሰጠ ይይዛል። ላይኛው ለየቢሮው ለሥራው የሚያስፈልገውን ብቻ ያሳያል። ሰበታ የሚያየው ከሱሉልታ ሊለይ ይችላል፤ መረጃው ግን አንድ ነው።

«ለላም ይሄ ሁሉ?» አለኝ።

«ለላሟ አይደለም፣ ዶክተር። እርስዎ ሐሳብዎን በቀየሩ ቁጥር ሰበታ ያሉት ሴት እንዳይጎዱ ነው።»

«በይ ሥሪው» አለ በመጨረሻ። «ግን ቢሮው ሳይዘጋ።»

ቢሮው ሳይዘጋ ሠራሁት። ፕሮግራሞቹ ፋይሉን ራሱን መክፈታቸው ቀረ፤ የሚፈልጉትን በስሙ ጠርተው ይጠይቃሉ፣ መሀለኛው ደረጃ ፈልጎ ያቀብላቸዋል። የሱሉልታዋን ገጽ እንደነበረች፣ ቁልፉም ቀለሙም ሳይነካ ተውኳት። እትዬ አሁንም በጥርጣሬ ነበር የሚያዩኝ፤ ከገባሁ እስክወጣ ዓይናቸው ከእጄ ላይ አይነሳም።

ክረምት ሲገባ የቡራዩው ቢሮ ጣሪያ አፈሰሰና ውኃው ኮምፒውተሩ ላይ ወረደ። ቅጂ ስለነበረን መረጃው ተረፈ፤ ማሽኑ ግን ሞተ። አዲስ ተገዛ። ከድሮው ጋር የማይመሳሰል ስለነበር የመረጃውን አቀማመጥ ከሥር ጀምሬ ለወጥኩት። «ገጹ ላይ የተለወጠ ነገር አለ?» ብዬ ሰበታና ሱሉልታ ደወልኩ። ሁለቱም «ምኑ ተለወጠ?» ብለው መልሰው ጠየቁኝ።

ከዚያ የባሰው ፈተና መጣ። ከተሞቻችን በአንድ አስተዳደር ሥር ሲጠቃለሉ አድራሻ ሁሉ ተለወጠ። ቀበሌ ይባል የነበረው ሌላ ስም ያዘ፤ ክፍለ ከተማ የሚባል መጣ። ገበሬው የቆመው እዚያው መሬቱ ላይ ነው፤ የመኖሪያው ስም ግን አሮጌውም አዲሱም ያስፈልገን ነበር፣ ምክንያቱም ሽማግሌዎቹ በድሮው ነው የሚናገሩት። አድራሻን ከገበሬው መዝገብ አውጥቼ ራሱን አስቻልኩት። ይሄ የመሀለኛውን ደረጃ ማፍረስና እንደገና መገጣጠም ማለት ነው። ላይኛው እንዳይናጋ፣ የተለያየውን መልሶ አንድ አድርጎ የሚያሳይ እይታ ሠራሁለት።

በማግስቱ በሚኒባስ ሱሉልታ ወጣሁና እትዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዝናብ ያረጠበው ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ገቡ።

«ላሜን መቼ ላንጥፋት?» አሉ። ከመውለዷ በፊት ማለብ የሚያቆሙበትን ጊዜ መጠየቃቸው ነው።

እትዬ ስማቸውንና የቀበሌውን የድሮ ስም ጠየቋቸው፣ ጻፉ፣ ቁልፉን ተጫኑ፣ ቀኑን በኦሮምኛ ነገሯቸው። ሽማግሌው «ገለቶሚ» ብለው አመስግነውና መርቀው ወጡ።

«ደግሞ ዛሬ ምን ልትቀይሪ መጣሽ?» አሉኝ።

«ቀይሬያለሁ፣ እትዬ። ትናንት።»

«ምኑን?»

«ከዚህች ገጽ ሥር ያለውን ሁሉ ማለት ይቻላል።»

መነጽራቸውን አስተካክለው ገጹን ከላይ እስከ ታች መረመሩት። የጎደለም የተጨመረም የለም። ቀስ ብለው ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ሳቃቸው መጣና ከጓዳ የቢሮው የመድኃኒት ባለሙያ ብቅ ብላ አየችን። በሥራዬ ብዙ ምስጋና ሰምቻለሁ፤ ምንም አልተለወጠም ተብሎ ሲሳቅልኝ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ያለቀስኩ እንዳይመስልብኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

እትዬ ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

«እንግዲያው ሳልፈራ ልጠይቅሽ» አሉ። «እኛ ላሞቹን በቁጥር ነው የምንጠራቸው። ገበሬው ግን ቁጥሯን አያውቅም። ‹ቡሬ እንዴት ናት?› ነው የሚለኝ። ስሟን አጠገቧ ብትጽፊልኝስ? የሌሎቹን ቢሮዎች አይነካባቸውም?»

«እነሱ ካልፈለጉት አያዩትም» አልኳቸው። «የሚታየው በእርስዎ ገጽ ብቻ ነው።»

«በይ ጀምሪ፤ እኔ እነግርሻለሁ» አሉና የሚያውቋቸውን ላሞች አንድ በአንድ፣ ከነጠባያቸው ይጠሩልኝ ጀመር። የትኛዋ ስትታለብ እንደምትራገጥ፣ የትኛዋ የልጅ እጅ እንደምትወድ ሳይቀር። እኔም ኮምፒውተሬን ከፈትኩ።