እጁን የሚሰበስበው መምህር

ባሌ ጀምበሩ ጭሮ ማስተማር ከጀመረ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ቤታችን የገባ ሰው ግን ትናንት የመጣን ይመስለዋል። ቁም ሳጥን የለንም። የቴሌቪዥኑ ካርቶን «ለዝውውር ያስፈልጋል» ተብሎ እስከ ዛሬ አልተጣለም። ጓሮ አቮካዶ ልትከል ስለው፣ «ፍሬውን ማን ሊበላው?» ይለኛል። የጎጃም ሰው ነው፤ በየዓመቱ ዝውውር ይጠይቃል፣ በየዓመቱ ይከለከላል። እኔ አዳነች ደግሞ የገለምሶ ልጅ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሲከለከል ሻይ አፍልቼ አጽናናዋለሁ፣ በሆዴ ግን ጌታን አመሰግናለሁ።

ዘንድሮ ተፈቀደለት። በሳምንት ውስጥ መልሱን እንዲያሳውቅ ተነገረው። መሄድ አልፈለግሁም፤ አፍ አውጥቼ እንዳልናገር ደግሞ ኩራት ያዘኝ። «ቢያንስ የኖርክበትን አገር አይተህ ሂድ» አልኩትና፣ ከጭሮ በላይ ተራራው ላይ ወዳለው የአጎቴ የቶላ ባዶ ቤት ይዤው ወጣሁ። ክረምት ስለሆነ ትምህርት ቤት ተዘግቷል።

የመጀመሪያው ጠዋት በሩን ስንከፍት ጭሮ የለችም! ከእግራችን በታች ነጭ ደመና ብቻ ተኝቷል። ፀሐይ ስትበረታ ደመናው ቀስ እያለ ተገለጠ፤ መጀመሪያ እርከኑ፣ ከዚያ ማሽላው፣ ከዚያ ጫቱ፣ መጨረሻ ላይ ቆርቆሮው ሁሉ አብረቀረቀ። ባሌ ፎጣውን ትከሻው ላይ እንደጣለ ደርቆ ቀረ። «ይሄ ሁሉ እዚህ ነበር?» አለኝ። «አይ፣ ማታ ነው ያመጡት» አልኩት። እኔም ግን እዚሁ አገር ተወልጄ እንዲህ አይቼው አላውቅም።

በማግስቱ ሚኤሶ ወረድን። ሹራብ ለብሰን ተነስተን ሳንደርስ ላብ አጠመቀን። ግመሎች አስፋልቱን ሞልተው የጭነት መኪናዎቹን በሙሉ አስቁመዋል፤ ጀምበሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ እንደ ሕፃን ይስቃል። «ደጋና ቆላ በአንድ ጠዋት!» ይላል ደጋግሞ።

ተመልሰን ወደ ተራራው ቤት ስንወጣ ዚያድ የሚባል ገበሬ መንገድ ላይ አገኘን። ዶማውን አስቀምጦ «አሰላሙ አለይኩም» አለና የባሌን እጅ ይዞ ወደ ከንፈሩ ወሰደው። ጀምበሩ እንደ ልማዱ እጁን መንጭቆ ሰበሰበ። ሰውዬው ዶማውን አነሳና ሄደ።

ያን ጊዜ ያመቅኩት ሁሉ ገነፈለ። «ወገኖቼን ይህን ያህል የምትንቃቸው ምን አድርገውህ ነው?»

ዓይኑ ፈጠጠ። «እኔ? እኔ ነኝ የምንቅ? እጄን አትሳሙኝ ማለት ንቀት ነው? ቄስ ነኝ ወይስ ጌታ? ትልቅ ሰው እጄን ሲስመኝ አፍራለሁ!»

ደንግጬ ቆምኩ። «ጀምቤ፣ እሱ ያንተን ይስማል፣ አንተም የሱን ትስማለህ። ሰላምታ ነው። እኩል ናችሁ ማለት ነው።»

«ታዲያ ለምን ሳትነግሪኝ ቀረሽ?»

«የምታውቅ መስሎኝ! የጠላኸን መስሎኝ!»

ቀስ ብሎ፣ «አባትሽም… ሽምግልና ስንመጣ እጁን ዘርግቶልኝ ነበር» አለ። አዎ አልኩት። አባቴ ይህን በሆዱ ይዞ ነው የሞተው። ጀምበሩ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ፤ አላባበልኩትም፣ እኔም እያለቀስኩ ነበር።

ሲነጋ ሚኒባስ ይዘን ገለምሶ ገባን። አጎቴ ቶላ ደጁ ላይ ተቀምጧል። እሱ ለጀምበሩ እጅ መዘርጋት ከተወ ቆይቷል፤ ከሩቅ አንገቱን ብቻ ነው የሚነቀንቅለት። ባሌ ሄዶ ጎንበስ አለና የአጎቴን እጅ አንስቶ ሳመው፤ የራሱንም እጅ እዚያው ተወለት። ሽማግሌው የባሌን እጅ እያየው ቆየ። ከዚያ ወደ ከንፈሩ ወሰደው፣ ሳመው፣ አልለቀቀውም።

«መቼ መጣህ?» አለው።

«ዛሬ፣ ጋሼ።»

«መቼ ነው የምትሄደው?»

ጀምበሩ ዞሮ አየኝ።

«አልሄድም» አለ።