የአጎቴ አንገት

አጎቴ ሲጠሯቸው አንገታቸውን ብቻ አያዞሩም ነበር፤ ከነትከሻቸው ይዞራሉ። ከዓመታት በፊት ወሰን የሚባለው ሰፈር አካባቢ የተሳፈሩበትን ሚኒባስ ሌላ መኪና ከኋላ ገጨው። "ደም አልወጣኝ፣ አጥንቴ አልተሰበረ፣ ምን ሆንኩ ብዬ ልታከም?" ብለው ቤታቸው ገቡ። በማግስቱ አንገታቸው ደርቆ አደረ። ወጌሻ ጎትቶ አሻቸውና ባሰባቸው። ዘግይተው ሐኪም ቤት ሲሄዱ ሐኪሟ፣ "ከእንግዲህ እንዳይታሹ፤ በየቀኑ ቀስ እያሉ ያንቀሳቅሱት። ምነው ቶሎ በመጡ!" አለቻቸው። ያሳየቻቸውን እንቅስቃሴ ሳያቋርጡ ሠሩ፤ ሕመሙ ግን ቀለል አለ እንጂ አልለቀቃቸውም። እንጦጦ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ሲሰግድ እሳቸው ብቻቸውን ቆመው ያለቅሱ ነበር።

በቅርቡ ሌላ ሕመም ወሰዳቸው። ሲገነዙ ታናሽ እህታቸው፣ እናቴ፣ ከበሩ ላይ ሆና፣ "የጋሼን አንገት ቀስ አድርጋችሁ ያዙ፣ ያመዋል" አለች። ገናዦቹ እጃቸውን ከአጎቴ አንገት ሥር አስገብተው ቀስ ብለው ደገፏቸው።